የጓሮ ቅመማ ቅመም በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ

የጓሮ ቅመማ ቅመም በአማራ ክልል በደቡብ ጎንደር ዞን ምሥራቃዊ ክፍል፣ ማለትም በላይ ጋይንት፣ በታች ጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ፣ በመኖሪያ ቤት ዙሪያ ተተክለው ለወጥ፣ ለሽሮ፣ ለበርበሬ፣ ለቂቤ፣ ለሻይና ለቡና ማጣፈጫ የሚውሉ መዓዛማ ተክሎች ናቸው። ዋናዎቹ ጤና አዳም፣ በሶብላ፣ ኮሰረት፣ ጦስኝ፣ ድንብላል፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ነጭ አዝሙድ፣ ሰናፍጭና ነጭ ሽንኩርት ናቸው። የሚተከሉት በትንሽ መሬት ሲሆን፣ ተክሎ መንከባከቡም ሆነ አድርቆ ማስቀመጡ ባብዛኛው የሴቶች ሥራ ነው። ሆኖም የቤቱ ምግብ ጣዕም በነሱ ላይ የተመሠረተ ነው፤ በተለይ ቂቤ በማይበላበት የጾም ወራት።

መልክዓ ምድርና አየር ጸባይ

አካባቢው ቀድሞ የበጌምድር ጠቅላይ ግዛት ክፍል ነበረ። የላይ ጋይንት ዋና ከተማ ነፋስ መውጫ፣ የታች ጋይንት አርብ ገበያ፣ የስማዳ ወገዳ፣ የእስቴ ደግሞ መካነ ኢየሱስ ነው። ከፍታው በአጭር ርቀት እጅግ ይለያያል። የጉና ተራራ ጫፍ ከባሕር ጠለል ከ4,100 ሜትር በላይ ሲሆን፣ ወደ ዓባይና ወደ በሽሎ ሸለቆዎች የሚወርደው ምድር ግን እጅግ ዝቅ ይላል። ስለዚህ በአንድ ወረዳ ውስጥ ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋና ውርጭ ሊገኙ ይችላሉ።

ይህ ልዩነት በየጓሮው የሚበቅለውን ይወስናል።

• በደጋና በውርጭ፦ ነጭ ሽንኩርት፣ ጤና አዳም፣ ጦስኝ።
• በወይና ደጋ፦ በሶብላ፣ ኮሰረት፣ ድንብላል፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ነጭ አዝሙድ፣ አብሽ፣ ሰናፍጭ፣ ጌሾ።
• በቆላና በታችኛው ወይና ደጋ፦ በርበሬ፣ ውሃ ካለ ደግሞ በሶብላ በበጋም ጭምር።

ዋናው ዝናብ ከሰኔ እስከ መስከረም ይዘንባል። ከኅዳር እስከ ጥር በደጋው ሌሊት ውርጭ ይወርዳል። በሶብላ ውርጭን ከቶ አይችልም፤ አንድ የውርጭ ሌሊት ቅጠሉን ያጠቁረዋል። ስለዚህ የደጋ ሰው በሶብላን ከወይና ደጋ ገበያ ደርቆ ይገዛል፤ የወይና ደጋው ሰው ደግሞ ነጭ ሽንኩርትንና ጦስኝን ከደጋ ያገኛል።

ዋና ዋና ተክሎች

ጤና አዳም (በሥነ ሕይወት ስሙ ሩታ ካሌፔንሲስ) ለብዙ ዓመት የሚኖር፣ ግራጫ አረንጓዴ ቅጠልና ቢጫ አበባ ያለው ቁጥቋጦ ነው። ቅጠሉ ለቡና፣ ለእርጎና ለአይብ ይሆናል። የደረቀው ፍሬ ከቅጠሉ ይልቅ የሚያቃጥል ጣዕም ስላለው ለበርበሬና ለአዋዜ ይጨመራል። ከዘር ወይም ከቁራጭ ይበቅላል። ውሃ በሚቋጥር መሬት ሥሩ ስለሚበሰብስ በአጥር ሥር ወይም ከፍ ባለ መደብ ላይ ይተከላል።

በሶብላ (ኦኪሙም ባሲሊኩም) በየዓመቱ ከዘር የሚበቅል ተክል ነው። በሌላው ዓለም ትኩሱ ቅጠል ሲበላ፣ በኢትዮጵያ የሚፈለገው ከነአበባው የደረቀው ጫፍ ነው። ለሽሮ፣ ለበርበሬና ለቂቤ ይገባል።

ኮሰረት (ሊፒያ አዶኤንሲስ) በኢትዮጵያ ወይና ደጋ የሚገኝ ቁጥቋጦ ሲሆን፣ «አዶኤንሲስ» የሚለው ቃል ከዓድዋ ስም የመጣ ነው። ሁለት ዓይነት አለው። በየዱሩ የሚበቅለው «ከሴ» ይባላል፤ ሻካራ ቅጠሉ ዕቃ ለማጠቢያና ለማሽተቻ ያገለግላል። በየጓሮው የሚተከለው ግን ኮሰረት የሚባለው ነው፤ መዓዛው የለሰለሰ ስለሆነ ለቂቤ ማንጠሪያ ይመረጣል። በቁራጭ ይራባል።

ጦስኝ (ቲሙስ ሺምፐሪ) መሬት ላይ ተነጥፎ የሚያድግ፣ ትናንሽ ቅጠሎችና ሐምራዊ አበባ ያሉት ተክል ነው። እንደ ጉና ባሉ ከፍተኛ ስፍራዎች በየድንጋዩ መካከል በራሱ ይበቅላል። ስሙ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በሰሜን ኢትዮጵያ ለብዙ ዓመታት ዕፅዋት ለሰበሰበው ለጀርመናዊው ቪልሄልም ሺምፐር መታሰቢያ የተሰጠ ነው። ለሻይ፣ ለሽሮና ለበርበሬ ይውላል፤ አበባውም ለንብ ጥሩ ቀሰም ነው።

ነጭ አዝሙድ፣ ጥቁር አዝሙድና ድንብላል የዘር ቅመሞች ናቸው። ነጭ አዝሙድ (ትራኪስፐርሙም አሚ) በውስጡ ታይሞል የተባለው ዘይት አለው። ይህ ዘይት በጦስኝም ውስጥ ስለሚገኝ የሁለቱ ሽታ ይቀራረባል፤ አንዱ ሲጠፋ ሌላው በከፊል ሊተካው የሚችለውም ለዚህ ነው። ጥቁር አዝሙድ (ኒጄላ ሳቲቫ) በዳቦና በበርበሬ ይገባል። ድንብላል (ኮሪያንድሩም ሳቲቩም) ከተዘራ ከሦስት እስከ አራት ወር ባለው ጊዜ ይደርሳል።

ሰናፍጭ (ብራሲካ ኒግራ) ትንሽ ጥቁር ፍሬ ያለው የጎመን ዘመድ ነው። ፌጦ (ሌፒዲዩም ሳቲቩም) ደግሞ ተወቅጦ በውሃና በሎሚ ለፍትፍት ይሆናል፤ ለሆድ ሕመምም ይወሰዳል።

ነጭ ሽንኩርት (አሊዩም ሳቲቩም) ራሱን ወደ ጥርስ ለመክፈል ብርድ ይፈልጋል። የደጋው ቅዝቃዜ ስለዚህ ይስማማዋል። ለብዙ ቤተሰብ ከማጣፈጫነቱ በላይ የገንዘብ ምንጭ ነው።

በጓሮው ከነዚህ ጋር ጌሾ፣ እንስላል፣ ጠጅ ሳርና አሪቲ ይታያሉ። ዳማከሴም በብዙ ቤት አለ፤ እሱ ግን የምች መድኃኒት እንጂ የወጥ ቅመም አይደለም። በከተማ ቤቶች ናናና የጥብስ ቅጠል እየተለመዱ መጥተዋል።

በአንጻሩ ኮረሪማ፣ ዝንጅብልና እርድ እርጥበትና ሙቀት ካለበት ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ፣ ቀረፋና ቅርንፉድ ደግሞ ከውጭ አገር ስለሚመጡ ከገበያ ይገዛሉ።

አተካከልና እንክብካቤ

ጓሮው ከዋናው ማሳ ይልቅ ለም ነው። አመድ፣ የቤት ጥራጊና ፍግ በየቀኑ ስለሚደርሰው አፈሩ ይጠቁራል። ሆኖም መዓዛማ ተክሎች ፍግ ሲበዛባቸው ቅጠላቸው ይሰፋል እንጂ ሽታቸው አይጠነክርም። ጦስኝና ጤና አዳም በተለይ ደረቅ፣ ጠጠር የበዛበትና ፀሐይ የሚመታው ቦታ ይወዳሉ። በሶብላና ድንብላል ግን ለምና እርጥብ አፈር ይሻሉ።

ከዘር የሚበቅለው በሶብላ ፍሬው እጅግ ደቃቅ ስለሆነ ከአመድ ወይም ከደረቅ አሸዋ ጋር ተቀላቅሎ በላይ በላዩ ይበተናል፤ አፈር በስሱ ብቻ ይነሰነስበታል። ችግኙ አራት ቅጠል ሲያወጣ እየተነቀለ በአንድ ስንዝር ተኩል ርቀት ይተከላል። የመጀመሪያው የአበባ ጫፍ ሲቀነጠብ ብዙ ቅርንጫፍ ያወጣል።

ኮሰረትና ጤና አዳም በክረምት መግቢያ፣ አንድ ስንዝር በሚያህል ቁራጭ ይተከላሉ። የታችኛው ቅጠል ይነሳና ግማሹ አፈር ውስጥ ይገባል። ሥር እስኪያበጅ ድረስ ጥላ ይሠራለታል።

ጦስኝን ወደ ጓሮ ለማምጣት ቀላሉ መንገድ መሬት ነክቶ ሥር ያበቀለውን ግንድ ከፍሎ መትከል ነው።

ነጭ ሽንኩርት በዝናብ ከሆነ በሰኔ፣ በመስኖ ከሆነ ክረምቱ ካለፈ በኋላ ይተከላል። ትላልቆቹ የውጭ ጥርሶች ተመርጠው፣ ሹሉ ጫፍ ወደ ላይ ሆኖ፣ በተክል መካከል 10፣ በመስመር መካከል 30 ሴንቲሜትር ያህል ይተውለታል። ቅጠሉ ሲቢጫና ሲወድቅ፣ ከአራት እስከ አምስት ወር ባለው ጊዜ ይነቀላል።

ጓሮ የሌላቸው የከተማ ነዋሪዎች በተቆረጠ የዘይት ጀሪካን ወይም በቆርቆሮ ይተክላሉ። ከታች ቀዳዳ ካልተበጀለት ውሃው ይታቆርና ተክሉ ይሞታል። በበጋ የቤት እጣቢ ውሃ ማጠጣት የተለመደ ነው፤ ሳሙና ወይም ጨው የበዛበት ውሃ ግን ሥሩን ይጎዳል።

አሰባሰብ፣ ማድረቅና ማስቀመጥ

የቅጠል ቅመሞች መዓዛ በዘይት መልክ የተከማቸ ሲሆን፣ ዘይቱ በሙቀት ይተናል። በመሆኑም በሶብላ፣ ኮሰረትና ጦስኝ ጠል ከደረቀ በኋላ ጠዋት ይቆረጣሉ፤ በፀሐይ ሳይሆን በጥላ፣ ነፋስ በሚያገኝበት ስፍራ ይደርቃሉ። በጥቂት በጥቂቱ ታስረው ከማገር ላይ ቁልቁል ይሰቀላሉ። ቅጠሉ በጣት ሲነካ የሚንኮሻኮሽ፣ አረንጓዴነቱም ያልጠፋ ሲሆን በሚገባ ደርቋል ማለት ነው። ጭስ በሚበዛበት ማድቤት ውስጥ የደረቀ ግን የራሱን ሽታ አጥቶ ጭስ ጭስ ይላል።

የዘር ቅመሞች በተቃራኒው በፀሐይ ይሰጣሉ፤ ፍሬው በቅርፊቱ ስለሚጠበቅ ያን ያህል አይጎዳም። ድንብላልና አዝሙድ ፍሬያቸው ሙሉ በሙሉ ሳይረግፍ፣ በጠዋት እርጥበት ይታጨዳሉ። አለዚያ ግማሹ መሬት ላይ ይቀራል።

የደረቀው ቅመም በቅል፣ በሸክላ ወይም ክዳን ባለው ጠርሙስ ይቀመጣል። ሳይፈጭ የተቀመጠ ከተፈጨው ይልቅ ሽታውን ለረጅም ጊዜ ይይዛል። ለዘር የሚሆነው ከጠንካራው ተክል አስቀድሞ ይለያል። ከተባይ እንዲጠበቅም በአመድ ይታሻል።

በማዕድ ቤት

በርበሬና ሽሮ

በርበሬ ሲዘጋጅ ዛላው ታጥቦና ተቀንጥሶ ይሰጣል፤ ከዚያ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከዝንጅብል፣ ከጤና አዳም ፍሬና ከበሶብላ ጋር ይደለዛል። እንደገና ደርቆም ከታመሱት የዘር ቅመሞች ጋር ይፈጫል። ቅመሞቹ በአንድ ላይ አይታመሱም። ጥቁር አዝሙድ፣ ነጭ አዝሙድና ኮረሪማ መጠናቸው ስለሚለያይ ትልቁ ሳይበስል ትንሹ ያርራል። የቅጠል ቅመሞች ደግሞ ጭራሽ ምጣድ አይነኩም፤ ወይም ምጣዱ ከወረደ በኋላ በቀረው ሙቀት ብቻ ይሟሟቃሉ።

ሽሮ ከባቄላ፣ ከአተር፣ ከሽምብራ ወይም ከነዚህ ድብልቅ ይዘጋጃል። እህሉ ታምሶና ተከክቶ በሶብላ፣ ጦስኝ፣ አዝሙድና ነጭ ሽንኩርት ይጨመርበታል፤ ከዚያ ወፍጮ ቤት ይወሰዳል። በርበሬ የገባበት ምጥን ሽሮ ሲባል፣ ያልገባበት ለአልጫ ይሆናል። በቀላሉ የሚደርስ የየቀን ምግብ በመሆኑ ቅመሙ አስቀድሞ በዱቄቱ ውስጥ መግባቱ ዘይትና ሽንኩርት በሌለበት ቀን እንኳ ጣዕም ያለው ወጥ እንዲሠራ ያስችላል።

ቂቤ

ቂቤ ሲነጠር ኮሰረት፣ በሶብላ፣ ኮረሪማና አብሽ፣ አንዳንዴም ነጭ አዝሙድና እርድ ይገባሉ። እሳቱ ቀስ ያለ መሆን አለበት። አረፋው ሲጠፋና ውሃው ሲያልቅ ቂቤው ጠርቶ ይታያል፤ ያን ጊዜ ወርዶ ይጠለላል። ቂቤ የሚበላሸው በውስጡ በቀረው ውሃና አሬራ በመሆኑ በደንብ የተነጠረ ቂቤ ብዙ ወራት ይቆያል።

የጾም ምግብ

ዐቢይ ጾም ብቻውን 55 ቀን ነው። በጾም የእንስሳት ተዋጽኦ ስለማይበላ የወጡ ጣዕም ከቅመሙ ይመጣል። ከጾም ማባያዎች አንዱ ስልጆ ነው። የባቄላ ዱቄት በሱፍ ውሃ ይበስልና ከቀዘቀዘ በኋላ የተወቀጠ ሰናፍጭ ይጨመርበታል፤ ለጥቂት ቀናትም እንዲብላላ ይተዋል። ከዚያ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ጤና አዳም ይገባበታል።

ሰናፍጭ ደረቁን ሳለ አይፋጅም። ኃይሉ የሚወጣው ፍሬው ተወቅጦ ውሃ ሲነካው ነው። በፈላ ውሃ ከተበጠበጠ ግን ይህን ለውጥ የሚያመጣው ንጥረ ነገር ይሞትና ሰናፍጩ ይመራል እንጂ አይፋጅም። ቀዝቃዛ ውሃ ጨምሮ ጥቂት ደቂቃ መታገስ ስለዚህ የሙያው ቁልፍ ነው። ነጭ ሽንኩርትም እንዲሁ ነው፤ የሚታወቀው ሽታው ጥርሱ ከተቀጠቀጠ በኋላ የሚፈጠር በመሆኑ ሙሉውን የተቀቀለ ነጭ ሽንኩርት ለስላሳ ጣዕም ይኖረዋል።

መጠጥ

የጤና አዳም ዘለላ በተቀዳ ቡና ውስጥ ለጥቂት ጊዜ ይነከርና ይወጣል። ጦስኝ ለሻይ ሲሆን የፈላ ውሃ ይፈስበትና ተከድኖ ይቆያል፤ አብሮ ከተንተከተከ ይመራል። ጌሾ ለጠላና ለጠጅ ምሬቱን የሚሰጥ የጓሮ ቅጠል ነው።

ባህላዊ እምነትና ጥንቃቄ

ጤና አዳምና ነጭ ሽንኩርት በብዙ ቤት ከቡዳ ይጠብቃሉ ተብሎ ይታመናል። ስለዚህም በጨርቅ ተቋጥረው በሕፃናት አንገት ላይ ይታሰራሉ። ጤና አዳም ለሆድ ቁርጠትና ለጉንፋንም ይሰጣል።

ሆኖም ጤና አዳም በብዛት ሲወሰድ መርዛማ ነው። ማሕፀንን የማኮማተር ኃይል ስላለው ነፍሰ ጡር ሴት በመድኃኒት መልክ ልትወስደው አይገባም፤ ጽንስ ሊያስወርድና ለሕይወት ሊያሰጋ ይችላል። በቡና ላይ እንደሚነከር አንድ ዘለላ ያለው መጠንና ጨምቆ መጠጣት አንድ አይደሉም። ትኩስ ቅጠሉን በፀሐይ ሲቆርጡ ጭማቂው ቆዳን ስለሚያቃጥልና ውሃ ስለሚያስቋጥር በጠዋት ወይም በማታ መቁረጥ፣ ከዚያም እጅን መታጠብ ይመከራል።

ችግሮች

የነጭ ሽንኩርት ነጭ አበስብስ። ይህ በሽታ ስክለሮቲየም ሴፒቮረም በተባለ ፈንገስ ይመጣል። ቀዝቃዛ አፈር ስለሚስማማው ደጋው ለነጭ ሽንኩርት የተመቸውን ያህል ለበሽታውም የተመቸ ነው። መጀመሪያ ቅጠሉ ከታች ጀምሮ ይቢጫል። ሲነቀል ሥሩ በስብሶ ነጭ ሻጋታና የመርፌ ራስ የሚያህሉ ጥቁር ፍሬ መሰል ነገሮች ይታዩበታል። እነዚህ በአፈር ውስጥ 20 ዓመትና ከዚያ በላይ ሊኖሩ ስለሚችሉ አንድ ጊዜ የተበከለ ጓሮ ለአንድ ትውልድ ያህል ነጭ ሽንኩርት ላያበቅል ይችላል። በሽታው በተበከለ ጥርስ፣ በዶማ ላይ በቀረ አፈርና በጎርፍ ይተላለፋል። ፈውሱ አስተማማኝ ስላልሆነ መከላከሉ ይሻላል፦ ለዘር የሚሆነውን ከታወቀ ጤናማ ማሳ መውሰድ፣ የታመመውን ከነአፈሩ ነቅሎ ማቃጠል፣ ልጣጩንና ቅሪቱን ወደ ፍግ ጉድጓድ አለመጣል።

የዱር ጦስኝ መመናመን። ጦስኝ ለገበያ ሲሰበሰብ ብዙ ጊዜ ከነሥሩ ይነቀላል። ተክሉ በዝግታ የሚያድግ ስለሆነ የተነቀለበት ቦታ ቶሎ አይተካም፤ ሥሩ ይዞት የነበረው የተራራ አፈርም በጎርፍ ይታጠባል። በማጭድ ከጠንካራው ግንድ በላይ መቁረጥና ከፊሉን ለአበባ መተው ተክሉንም ንቡንም ያቆያል።

ድርቅና የመሬት ጥበት። ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ የምግብ እጥረት ደጋግሞ ከሚያጠቃቸው ወረዳዎች ውስጥ ሲሆኑ፣ በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ተጠቃሚዎች ናቸው። በክፉ ዓመት ለዘር የተቀመጠው ድንብላልና አዝሙድ ይሸጣል ወይም ይበላል፤ በሚቀጥለው ክረምት የሚዘራው ከገበያ የተገዛ፣ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ዘር ይሆናል። በዚህ መንገድ ለቦታው ከፍታና ለአጭሩ ዝናብ የተላመዱ የአካባቢ ዝርያዎች ሊጠፉ ይችላሉ። በአገር አቀፍ ደረጃ የሰብል ዘር የመሰብሰቡንና የመጠበቁን ሥራ በ1976 እ.ኤ.አ. የዕፅዋት ጀነቲክ ሀብት ማዕከል በሚል የተመሠረተው የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ያካሂዳል። የወንዶ ገነት ግብርና ምርምር ማዕከል ደግሞ በመዓዛማና በመድኃኒት ተክሎች ላይ ይመራመራል። እንደ ኮሰረትና ጤና አዳም ያሉ በቁራጭ የሚራቡ ተክሎች ግን በዘር መልክ ከሚጠበቁት ይልቅ በሕይወት የሚቆዩት ከጎረቤት ጎረቤት በሚደረግ መሰጣጣት ነው። የአንዱ ቤት ተክል በድርቅ ሲደርቅ ከሌላው ቤት በሚወሰድ ቅርንጫፍ ይተካል።

ደግሞ ይዩ

• ጤና አዳም
• በሶብላ
• ጦስኝ
• ነጭ ሽንኩርት
• ሽሮ
• ደቡብ ጎንደር ዞን
• ጉና ተራራ